የኑራሊ አየር መንገድ መርዶ

ሀዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲያትል ዳርቻ፣ ከቡሪየን ተነስታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ሾርላይን ድረስ የምትሄደው ለመዋሸት ነበር። ይህን እሷ ታውቃለች፤ የካፒቴን ክፍሌ ልጅ አክሱማዊትም ታውቃለች። የማያውቁት ካፒቴን ክፍሌ ብቻ ነበሩ፤ ውሸቱ የሚነገረው ደግሞ ለእሳቸው ነው።

ሰውየው ቅዳሜን የሚጠብቁት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። የሳሎኑ መስኮት አጠገብ ይቀመጡና አውቶቡሱ ጥግ ላይ ሲቆም ሲያዩ ተነስተው በሩን ይከፍታሉ። ሀዋ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ «እህስ፣ ቤታችን እንዴት ሰነበተ?» ይሏታል። ቤታችን የሚሉት የኑራሊ አየር መንገድን ነው። እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ ትጀምራለች። ወደ ቦምቤይ በሳምንት ሁለቴ መብረር ተጀምሯል፤ የዋናው ደሴት ማኮብኮቢያ ሊረዝም ነው፤ አዳዲስ አውሮፕላኖች ታዘዋል። ካፒቴን ክፍሌ በጥሞና ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ቅር ይላቸዋል። «ቦምቤይን እኔ ብኖር በሳምንት ሦስት አደርገው ነበር» ይላሉ።

የኑራሊ አየር መንገድ ግን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ኑራሊ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ደሴቶች አገር ናት። ካርታ ላይ አውራ ጣት ካረፈባት አትታይም። ነጻ የወጣች ጊዜ ባንዲራም መዝሙርም ነበራት፤ አውሮፕላን ግን አልነበራትም፤ ያለ አውሮፕላን አገር ተብሎ መጠራት አሳፈራት። አንዲት አሮጌ ዳኮታ ተገዛችና ጭራዋ ላይ ነጭ ወፍ ተሳለባት። ወፏ ተገኘች፣ የሚያበራት ጠፋ። ካፒቴን ክፍሌ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ፤ በ1963 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርመው ከአዲስ አበባ ሄዱ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ዓመት አራዘሙ፣ ቀጥሎ አብዮቱ መጣና መመለሻው ጠፋ፤ በዚያው ቀሩ። ሚስት አገቡ፣ ልጆች ወለዱ፣ ሚስታቸውንም እዚያው ቀበሩ።

ዳኮታዋ ያልጫነችው ነገር አልነበረም። ዓሣ ጭናለች፣ ቅርንፉድ ጭናለች፣ የፈተና ወረቀት በፖሊስ ታጅባ አድርሳለች፣ ከደሴት ደሴት የምትዳር ሙሽራን ከነሚዜዎቿ ወስዳለች፤ አንዲት ሴት ባሕሩ ላይ እንዳሉ ወልዳ ልጁን ክፍሌ ብላዋለች። በ1972 ደግሞ ከዚሁ ከሲያትል አንዲት ጄት ታዘዘች። ካፒቴን ክፍሌ ራሳቸው መጥተው ተረከቧት፤ ኑራሊ ሲያሳርፏት የአገሩ ሰው ዝናብ እየደበደበው ቆሞ ጠበቃቸው። አክሱማዊት ለትምህርት ወደ ሲያትል የተላከችውም በዚያ ሰበብ ነው፤ አባቷ ከባሕር ማዶ የሚያውቁት ከተማ ይኸው ብቻ ነበር።

ሀዋ ቡታጅራ ተወልዳ፣ ለንግድ ኑራሊ የወረደ አጎቷ ዘንድ ሄዳ ነው አየር መንገዱ ውስጥ የገባችው። አስተናጋጅነትን ያስተማሯት ካፒቴን ክፍሌ ነበሩ። ሻይ መቅዳት ማንም ያስተምራል። እሳቸው ያስተማሯት ፊት ነው። «አውሮፕላን ሲናጥ መንገደኛው መስኮቱን እንዳይመስልሽ የሚያየው» ይሏት ነበር፤ «የሚያየው አንቺን ነው። ፊትሽ ከጸና ይጸናል፤ ፊትሽ ከፈረሰ አብሮ ይፈርሳል።» ሀዋ ተማረች። ማዕበል መሐል ገብተው መንገደኛው ጸሎቱን ሲያዥጎደጉድ እሷ ትሪ ይዛ ፈገግ ብላ ታልፋለች።

ሲያልቅ አያምር እንደሚባለው፣ ካፒቴን ክፍሌ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ የቤቱ ምሰሶ የተነቀለ መሰለ። የባለሥልጣን ዘመድ በነጻ ይበር ጀመር፤ መለዋወጫ ጠፋ፤ ጄቷን በዱቤ የሸጠው ኩባንያ መጥቶ ወሰዳት። አንዲት ባለ ሁለት ሞተር አሮጊት ብቻ ቀረች። በ1986 ዓ.ም. አንድ ረቡዕ ሬዲዮው ከዜናው መጨረሻ ላይ፣ ከአየር ጠባይ ዘገባ በፊት፣ የአገሪቱ አየር መንገድ ሥራ ማቆሙን አነበበ። የመጨረሻውን በረራ ያስተናገደችው ሀዋ ነበረች። ስለዚያ ቀን ለማንም አውርታ አታውቅም።

የአሜሪካ ጋዜጣ ኑራሊን የሚያነሳት አውሎ ነፋስ ሲመታት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ካፒቴን ክፍሌ ከጋዜጣ የሚሰሙት ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ልባቸው ተከፍቶ ተሰፍቶ ነበር። ወሬውን በስልክ የሰማችው አክሱማዊት ናት። ሐኪሙ አታስደንግጡት ብሏል። «ሲያገግም እነግረዋለሁ» አለች። ሲያገግሙ፣ ትንሽ ይጠንክር አለች። ሲጠነክሩ፣ ፋሲካው ይለፍ አለች። ለመርዶ ደግሞ ምቹ ቀን ተገኝቶ አያውቅም፤ አንዴ ካሳለፉት እየከበደ ይሄዳል እንጂ አይቀልም።

ሀዋ ሎተሪ ደርሷት አሜሪካ የገባችው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን የሚጫን ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና ውስጥ ሥራ አገኘች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሾርላይን ስትሄድ አክሱማዊት ደረጃው ላይ አገኘቻትና ክንዷን ያዘች።

«አባዬ አያውቅም» አለቻት። «ፕሊስ ሀዋ፣ ሆድ ይፍጀው።»

ሀዋ ዝም ለማለት ወስና ገባች። ዝም ማለት ግን የሚቻለው ካልተጠየቁ ነው። ካፒቴን ክፍሌ ጠየቁ፤ እሷም «ደህና ነው፣ ካፒቴን» አለች። ደህና ከሆነ ጄቷ እንዴት ናት ተባለች። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ፣ ቤቱ በእንግዳ ሞላ።

እውነቱን ለመናገር ሀዋ ነገሩን እየወደደችው መጣች። ሳምንቱን ሙሉ ትሪ ላይ ዳቦና ቅቤ ስትደረድር የምታስበው ቅዳሜ ይዛ የምትሄደውን ነበር። አየር መንገዱን ታስተዳድረው ጀመር። የሠራተኛውን ደመወዝ ጨመረች። የሚኒስትሩን ዘመድ ከሥራ አባረረች። የተሰነጠቀውን የመንገደኞች ማረፊያ ጣሪያ አሳደሰች። አንድ ቀን ደግሞ ራሂማን አብራሪ አደረገቻት። ራሂማ የደሴቱ ልጅ ናት፤ ትኬት ትቆርጥ የነበረች፣ ካፒቴን ክፍሌ «ይቺን ልጅ ሰው ቢያስተምራት ታበራለች» ይሏት የነበረች። ሀዋ ይህን ስትናገር ካፒቴን ክፍሌ ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ሀዋ በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ራሷን ጠላች፤ ያም ሆኖ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደች።

ሰውየውም ዳኑ። ደረጃ ሲወጡ ያርፉ የነበሩት መንደሩን በእግር መዞር ጀመሩ። ሐኪሙ ገረመው። አክሱማዊት፣ ይሄ የመድኃኒቱ ሳይሆን የቅዳሜው ወሬ ነው ትል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ሀዋ ስትገባ ካፒቴን ክፍሌ ነጭ ሸሚዛቸውን አልለበሱም። ሳሎኑ መሐል ቆመው የጠበቋት ጥቁር ሰማያዊ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ነው፤ ክንዳቸው ላይ ወርቃማው መስመር ያበራል፤ ልብሱ ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። በመጪው ወር አየር መንገዱ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ያከብራልና ሊሄዱ ነው። ሐኪሙን ጠይቀው ፈቅዶላቸዋል። እስከ ናይሮቢ ያለውን ትኬት ትናንት ራሳቸው ስልክ ደውለው ቆርጠዋል።

«ከናይሮቢ ወዲያ የራሴ ቤት ነው» አሏት። «ጡረተኛ ወንበር አያጣም። ራሂማ የምታበረው ከሆነ ደግሞ ኋላ ተቀምጬ አያታለሁ፤ እንዳትደነግጥ አልነግራትም።»

የሀዋ ፊት ጸና። እንኳን ደስ ያለዎት አለች፤ የልብሱን ትከሻ የሚያጠብላቸው ሰው ቡሪየን እንዳለም ነገረቻቸው።

በማግስቱ ሦስት ሆነው አቶ ተክለ ጻድቅ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። አቶ ተክለ ጻድቅ የመረዳጃ ማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአገር ቤት የመጣ መርዶ በሲያትል የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው። አክሱማዊት ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል።

«ሶ ምን ይሻላል?» አለች። «ናይሮቢ ኤርፖርት ላይ ካውንተር ለካውንተር ሲዞር ይታያችሁ።»

ሀዋ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚበቃ ታውቅ ነበር። በዓሉ ተላልፏል ብትላቸው ያምኗታል። ግን በዓል አንዴ ይተላለፋል፤ ሁለቴስ? አቶ ተክለ ጻድቅም ይህን ሐሳብ ገና ከአፏ ሳይወጣ አወቁባት መሰል፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ። ከዚያ በሥርዓቱ እናርዳቸው አሉ፤ ማለዳ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ሰብሰብ ብለን ሄደን። ሀዋ ለሰው የሚደረገው ለድርጅት እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች። እሳቸው፣ ሥርዓቱ የተበጀው ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ ነው፣ ካፒቴን ደግሞ የዕድሜያቸውን ልፋት ነው የሚያጡት አሉ።

ሀዋ በልቧ ሌላ ነገር ትፈልግ ነበር። ቅዳሜ ብቻዋን ሄዳ፣ ከወንበራቸው ሥር ቁጭ ብላ ልትነግራቸው ፈለገች። ግን ፈራች። አባቷ በልጅነቷ ነው የሞቱት፤ በዚህ አገር ሳታንኳኳ በር የሚከፍትላት ሰው ካፒቴን ክፍሌ ብቻ ናቸው። ያንን በር የሚዘጋው የራሷ አፍ ሊሆን ነው። ከሽማግሌ ኋላ ብትቆም ትንሽ የምትከለል መሰላትና እሺ አለች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሀዋ አልሄደችም፤ በማግስቱ እሑድ ማለዳ ሦስት ሆነው ሄዱ። ሀዋ፣ አቶ ተክለ ጻድቅና ዘካሪያስ ናቸው፤ ዘካሪያስ ኑራሊ ላይ ሞተር ይጠግን የነበረና አሁን ኤቨረት አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው። መኪናውን እንደ መርዶ ወግ ራቅ አድርጎ ፓርክ አደረገ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ ሀዋ ጥቁር ሻሽ አስራለች። አክሱማዊት ቀድማ በሯን ከፍታ ልታስገባቸው ነበር ውሉ፤ ነገር ግን ካፒቴን ክፍሌ ከእሷ ቀድመው ተነስተው ኖሮ በሩን የከፈቱት እሳቸው ሆኑ። የሌሊት ልብስ ላይ ጋቢ ደርበዋል።

አዩዋቸው። አንድ በአንድ ፊታቸውን አዩ፣ ከዚያ ልብሳቸውን አዩ። ካፒቴን ክፍሌ የበሩን ጉበን ያዙ።

«የት ላይ ነው?» አሉ በቀስታ። «የት ላይ ተገለበጠ?»

ሀዋ ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ልጃቸው ሀይለየሱስ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የጭነት መኪና ይነዳል፤ አባትየው በረዶ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ የላቸውም። ጥቁር ለብሶ በማለዳ የመጣ ሰው ሌላ ምን ሊላቸው ይችላል? ከአክሱማዊት ጀምሮ አንዳቸውም ይህን አላሰቡም። የአየር መንገዱን ሞት ሲሸከሙ የኖሩት እነሱ ናቸው፤ እሳቸው የሚፈሩት ሌላ ሞት ነበር።

አቶ ተክለ ጻድቅ ግን ሥርዓቱን ጀምረዋል። መርዶ ደግሞ በቀጥታ አይነገርም። «እስቲ ይቀመጡ፣ ካፒቴን» አሉ። «ሰው ነን። የሰጠን ሲወስድ ምን ይባላል? አንቱ ብዙ ያዩ ሰው ነዎት፤ ከአንቱ ጥናት እኛ እንማራለን እንጂ...»

ካፒቴን ክፍሌ አልተቀመጡም። «ወይ ልጄን» አሉና ደረታቸውን፣ ያንን የተሰፋውን፣ በጡጫ መቱት። ፊታቸው አመድ ሆነ። አክሱማዊት ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀርታለች። አቶ ተክለ ጻድቅ አሁንም ስለ ኢዮብ እየተናገሩ ነው። ሀዋ ገፍታቸው ገባችና የካፒቴኑን ሁለት እጅ ያዘች።

«ሀይለየሱስ ደህና ነው» አለች። «ካፒቴን፣ ይዩኝ። ልጅዎ ደህና ነው። የሞተው አየር መንገዱ ነው።»

አዩዋት፣ ግን አልሰሟትም። ደግማ ነገረቻቸው።

«ሀይለየሱስ አልሞተም?»

«አልሞተም። የኑራሊ አየር መንገድ ነው። ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ።»

«ተመስገን!» አሉ ካፒቴን ክፍሌ። «ተመስገን፣ ተመስገን የኔ ጌታ።» ሳቁም። የአቶ ተክለ ጻድቅን ትከሻ ሳሙ፣ ዘካሪያስን ሳሙ፣ ልጃቸውን ስበው ግንባሯን ሳሙ። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። አክሱማዊት ዴንቨር ደወለችና እንቅልፍ ያልለቀቀውን የሀይለየሱስን ድምፅ አሰማቻቸው። ምን ሆናችሁ ነው በማለዳ አለ፤ ምንም፣ ተኛ አሉት።

ስልኩን ሲያስቀምጡ ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሰዎቹም ግድግዳ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ሀዋን ቀና ብለው አዩዋት።

ቦምቤይስ ብለው ጠየቁ። የለም አለች። የታዘዙት አውሮፕላኖች? የሉም። ጣሪያው? እንደ ተሰነጠቀ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቅ ነበርና አንገቷን ደፋች።

«ራሂማ?»

«ገበያ ላይ ልብስ ትሰፋለች፣ ካፒቴን።»

ሀዋ ብታለቅስ ይሻላት ነበር፤ ግን ለማልቀስ መብት ያላት አልመሰላትም።

«ያን ፊት ያስተማርኩሽ ለመንገደኛ ነበር» አሉ። «ለእኔ አልነበረም።»

ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ቤትህ ሞተ ሲሉኝ ተመስገን አልኩ» አሉ። ይህን ደጋግመው አሉት። አቶ ተክለ ጻድቅ ሊያጽናኗቸው፣ ስለ ልጅዎ ነው እንጂ ያመሰገኑት ቢሏቸው አልሰሙም።

ለቅሶው እንደ ወጉ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ማኅበሩ ወንበር ላከ፣ ሴቶቹ ዳቦና የምስር ወጥ ይዘው መጡ። ወሬው በተነገረበት ሁሉ በትክክል አልደረሰም። አንዳንዱ ጥቁር ለብሶ ይገባና አጠገቡ ያለውን ማን ነው የሞተው ብሎ ያንሾካሹካል፤ አየር መንገድ ሲባል ያፌዙበት መስሎት ይቆጣል። አንድ ባለ ታክሲ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው አለና ዘካሪያስ ሊመታው ተነሳ፤ ገላጋይ ገባ። ኑራሊ ሠርተው የነበሩት ግን ከኤቨረትም ከቡሪየንም መጥተው ነበር፤ ጥቂት ናቸው፤ እርስ በርስ ተቃቅፈው እንደ ወንድማማች ተላቀሱ። እነሱን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አላፌዘም።

ካፒቴን ክፍሌ ብቻ አላለቀሱም። ላጽናናቸው ሁሉ «አሜን፣ አብሮ ያጽናን» ይላሉ፤ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ። ዓይናቸው ግን ደረቅ ነበር። ለቀስተኛው ጨነቀው፤ ባለቤቱ የማያለቅስበት ለቅሶ ይከብዳል። አክሱማዊት ጆሮዋን የአባቷ እስትንፋስ ላይ ጥላ ትውላለች። ሀዋ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሦስቱንም ቀን ኩሽና ውስጥ ሳህን ስታጥብ ዋለች። ሳሎን ስትገባ ዓይናቸውን ያሸሹባታል። ያ ከስድብ በላይ አቃጠላት። እንደ ፈራችው ሆነ፤ በሩን አጥታዋለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሰው እየተሳሳመ ሲበተን፣ «ሀዋን ጥሩልኝ» አሉ። እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። መሬት ላይ ልትቀመጥ ስትል ወንበር አሳዩዋት።

«ሳልቀብር ቀረሁ» አሏት። «እኔ ያሳደግኳት ልጅ ስትሞት ማን አጠገቧ ነበር? ብቻዋን ነው የሞተችው?»

«እኔ ነበርኩ» አለች ሀዋ።

«አሁን እንዳትዋሽኝ።»

«ወላሂ አልዋሽዎትም። የመጨረሻው በረራ ላይ እኔ ነበርኩ።»

ንገሪኝ አሉ። ሳሎኑ ውስጥ የቀረው ሰውም ተመልሶ ተቀመጠ። ሀዋ ነገረቻቸው። ከትንሿ ደሴት ወደ ዋናው ነበር የተነሱት። መንገደኛው ከወንበሩ ግማሹን አልሞላም፤ ዓሣ ነጋዴዎች ነበሩ፣ አንዲት አራስ ነበረች። አብራሪው አንድ ቃል አልተናገረም። እሷ እንደ ሁልጊዜው ሻይ ቀዳች። ከታች ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ሲያርፉ ሁለት ፖሊሶች አውሮፕላኗን ሊያሽጉ ደረጃው ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። መንገደኛው ወረደ፤ አብራሪውም ባርኔጣውን አውልቆ ወረደ። ፖሊሱ አንቺም ውረጂ አላት።

«አልወረድኩም» አለች። «ቆሻሻ ናት፣ እንዲህ ሆና አትዘጋም አልኩት። ከእንግዲህ ማን ይገባባታልና ነው አለኝ።»

ካፒቴን ክፍሌ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ጠረግሻት?»

«ጠረግኳት። መጥረጊያው ስላልበቃኝ የዳቦውን ፍርፋሪ በእጄ ለቀምኩ። ወንበሮቹን በውሃ አበስኩ። ብርድ ልብሶቹን አጣጠፍኩ። ቀበቶዎቹን በየወንበሩ ላይ አጥፌ አስተኛኋቸው፣ እርስዎ እንዳሳዩን።»

«መስኮቶቹስ?»

«አንድ በአንድ ጋረድኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ካፒቴን። በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ካፒቴን ክፍሌ እጃቸውን ዘርግተው የሀዋን እጅ ያዙ፤ ሳሙናና ውሃ ያለዘበውን መዳፏን ገልብጠው ብዙ አዩት።

«እንግዲያው ገንዘሻታል» አሉ። «በባዕድ እጅ አልወደቀችም። በወገኗ እጅ ነው የተገነዘችው።»

ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ። እንደ ሽማግሌ አልነበረም፤ ሳግ እየያዛቸው፣ ድምፅ አውጥተው ነበር፤ አክሱማዊት ልትነሳ ስትል አቶ ተክለ ጻድቅ በእጃቸው አስቀሯት። ሀዋም ከዚያች አውሮፕላን ከወረደችበት ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን አብራቸው አለቀሰች። ፊቷ ፈረሰ፤ እንድታጸናው የሚጠብቅባት ሰው አልነበረም።